የፍሬን ዘይትና የፓስካል ሕግ፦ ስለ ማታ ተማሪ፣ ስለ ሳይንስና ስለ ማትሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት መርሳ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሲሪንቃ ላይ ቆመ። ፍሬኑ ሲረገጥ ፔዳሉ እየሰመጠ ሾፌሩን አስቸግሮት ነው። ረዳቱ፣ ዕድሜው ሃያ ቢሞላው ነው፣ ጎማው ሥር ተንበርክኮ አንዲት ትንሽ ቡሎን ፈታ ጠበቅ እያደረገ "ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ! ድገም!" ይላል። ከጎኔ የተቀመጡ እናት "ምን ሆነ ነው የሚሉት?" ብለው ጠየቁኝ። "የፍሬኑ ዘይት ውስጥ አየር ገብቶ ነው፣ እማማ" አልኳቸው። "አየርማ የት የለም ብለህ ነው!" አሉኝ። ሳቅኩ፤ ግን ሐሳቤ ወዲያው ሌላ ቦታ ሄደ። 1987 ዓ.ም.፣ ወልድያ፣ የማታ ክፍል።

ያኔ ቀን መደበኛ ተማሪዎችን፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ደግሞ የማታዎችን ፊዚክስ አስተምር ነበር። የማታ ክፍል ምን እንደሚመስል የማታውቁ ልጆች ካላችሁ ልንገራችሁ። ፊት ወንበር ላይ ወታደርና ፖሊስ ይቀመጣል፤ ሲደክመውም ቀጥ ብሎ ነው የሚያንቀላፋው። መሐል ላይ የመሥሪያ ቤት ተላላኪ፣ የሱቅ ሠራተኛ፣ ሻይ ቤት የምትሠራ ልጅ። ግድግዳውን ተደግፈው የቤት ሠራተኞች፤ እነሱ እመቤታቸው እንግዳ ከመጣባት ይቀራሉ፣ እንግዳ ካልመጣ ይመጣሉ። ከኋላ ጫኝና አውራጅ፣ ልብስ ሰፊ፣ የጋራዥ ልጆች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ "ኡኡ" ይላል፤ በደስታ ይሁን በንዴት እስከ ጡረታዬ ድረስ አልገባኝም።

ያን ማታ የማስተምረው ስለ ፈሳሽ ግፊት ነው። የፓስካልን ሕግ በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፣ አስገለበጥኩ፣ ከዚያ በአማርኛ ነገርኳቸው፦ በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት ሳይቀንስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይተላለፋል። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። የጋራዥ ረዳት ነው፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ በምንም ሳሙና የማይለቅ። "ጋሼ፣ ፈሳሹ ውስጥ አየር ካለስ?" አለኝ።

"ካለ ምን ይሆናል?"

"አይተላለፍማ! አየሩ ይጨመቃላ። እግር የሰጠውን ጉልበት አየሩ ይበላዋል፤ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ መኪናው አይቆምም። ለዚህ አይደል እንዴ አየር የምናስወጣው?"

ወዳጆቼ፣ እኔ የፊዚክስ መምህሩ ያን ጊዜ የመኪና ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ፈሳሽ በቀላሉ እንደማይጨመቅ፣ አየር ግን እንደሚጨመቅ አውቃለሁ፤ ከመጽሐፍ። ይሄ ልጅ ግን በእግሩና በእጁ ያውቀዋል። በማግስቱ ከጋራዡ የዘይት ክሪክ ተበድሮ በጆንያ ይዞ መጣ። የመምህር ጠረጴዛ ላይ ሦስት ተማሪዎች አስቀምጠን ከሥር ክሪኩን አስገብተን ሻይ ቤት የምትሠራው ልጅ በአንድ እጇ ስታነሣቸው ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። በማታ ትምህርት ዘመኔ ሁሉ ያደረግሁት እውነተኛ ቤተ ሙከራ ያ ብቻ ነው፤ ያውም ዕቃው የተማሪው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ማትሪክ ተፈተነ። ፊዚክሱን "ኤፍ" አመጣ።

አንድ ነገር ደግሞ መደበቅ አልፈልግም። ለፈተና ሲመዘገብ እኔ ራሴ ጠርቼ "ፊዚክሱን ተወው፣ ጂኦግራፊና ታሪኩ ላይ ብትበረታ ይሻልሃል" ብዬው ነበር። ለሌሎችም እንደዚያ ብያለሁ፤ ስንት እንደሆኑ አልቆጠርኩም። በጎ ያደረግሁ ይመስለኝ ነበር። እሱ ብቻ ነው እምቢ ያለኝ።

ከዚያ ወዲህ ይሄ ጥያቄ ሲከነክነኝ ኖሯል። ቀን የሠራ ሰው ማታ ተምሮ፣ ካስፈለገም ብቻውን አንብቦ፣ ከመደበኛው ተማሪ እኩል በአንድ ወረቀት ይፈተን የሚለው ነገር ከየት መጣ? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ ስላለኝ ያገኘሁትን ሳነብ ነበር።

ነገሩ ሩቅ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1800 አካባቢ ግላስጎ ውስጥ ጆርጅ በርክቤክ የሚባል ወጣት መምህር ለትምህርቱ የሚሆን መሣሪያ ቆርቆሮ ሠሪዎች ዘንድ ያሠራል። ሠራተኞቹ ዙሪያውን ከበው ዕቃው ምን እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚሠራ ሲጠይቁት ተገረመ። ዕቃውን በእጃቸው የሠሩት እነሱ ናቸው፤ ሳይንሱን የሚማረው ሌላ ሰው ነው። በነጻ ማስተማር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1823 ለንደን ላይ በተመሠረተው የሠራተኞች ማስተማሪያም ዋና ሰው ነበር፤ ያ ቤት ዛሬ በስሙ የሚጠራ ኮሌጅ ሆኖ እስካሁን ማታ ማታ ያስተምራል።

ከዚያ ፈተናው መጣ። እ.ኤ.አ. በ1858 የለንደን ዩኒቨርሲቲ "የት እንደተማርክ አልጠይቅህም፣ ፈተናዬን እለፍ እንጂ" አለ። በዓመቱ፣ በ1859፣ የእንግሊዝ መንግሥት የሳይንስና የጥበብ መምሪያ ለማታ ተማሪ የእጅ ሠራተኞች የሳይንስ ፈተና አዘጋጀ። መምህሩ የሚከፈለው ባለፈለት ተማሪ ቁጥር ነው። ውጤቱን መገመት ለኛ መምህራን አይከብደንም! መምህሩ ያለፈውን ዓመት ጥያቄ ያስሸመድዳል፤ ተማሪው ያልነካውን ብልቃጥ፣ ያላየውን ነፍሳት ሥዕል በቃሉ ይዞ ያልፋል። ቶማስ ሀክስሌይ የሚባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ የፈተናው አራሚ ስለነበር ይሄን በገዛ ዓይኑ አይቷል፤ በ1871 መምህራኑን ራሳቸውን በክረምት ሰብስቦ ማይክሮስኮፕ ያስነካቸው ጀመር። የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተላላኪ የነበረው ኤች. ጂ. ዌልስ፣ በኋላ ታላቅ ደራሲ የሆነው፣ በነዚህ ፈተናዎች በኩል ነው ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ በ1884 ሀክስሌይ ዘንድ ሊማር የገባው። ስለዚህ ፈተናው የከፈተው በር እውነተኛ በር ነበር። ክፉ ጎኑም ግን አብሮት ተወልዷል፦ ወረቀቱ ለሁሉም እኩል ነው፣ ብልቃጡ ግን አይደለም።

ያ የለንደን ወረቀት ዞሮ ዞሮ እኛው ዘንድ ደረሰ። "ማትሪክ" የምንለው ቃል ራሱ የለንደን ማትሪኩሌሽን ቅሪት ነው። ከጣልያን መባረር በኋላ በ1935 ኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከእሱም ቀጥሎ ጄኔራል ዊንጌት፣ ተማሪዎቻቸውን የሚያስፈትኑት በለንደን ፈተና ነበር። በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ለመግቢያ የራስ አገር ፈተና ማስፈለጉ ግልጽ ሆነ፤ እኛ ያወቅነው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ የዚያ የ1940ዎቹ ልጅ ነው። ኮሌጁ ብዙም ሳይቆይ የማታ ትምህርት፣ ኤክስቴንሽን የሚሉትን፣ ጀመረ። አዲስ አበባ ውስጥ ለጎልማሶች ማታ ማታ የሚያስተምሩ እንደ "ብርሃንህ ዛሬ ነው" ያሉ ቤቶችም ነበሩ። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ ለነገ የማያቀጥር ስም ነው።

ይሄ ሁሉ ግን አዲስ አበባ ነው። ያኔ ከየጁ አውራጃ የሚነሣ ልጅ ከፍ ያለ ትምህርት ቢፈልግ 120 ኪሎ ሜትር ወርዶ ደሴ ወይዘሮ ስኂን መግባት ነበረበት። ዘመድ ያለው ዘመድ ቤት፣ የሌለው ቤት ተከራይቶ፣ በሶና ቂጣ ከቤቱ እየተላከለት። ሥራ ይዞ የሚማር ሰውማ ማን አስቦት! ሥራ የያዘ ሰው ትምህርት ያበቃ ሰው ነው፤ ነገሩ በቃ እንደዚያ ነበር የሚታየው።

በእርግጥ ነገሩ ሰፋ ያለው በደርግ ዘመን ነው፤ ለዚያ ዘመን ሌላ ሌላ ሒሳብ ቢኖረኝም ይሄን አልነፍገውም። በታኅሣሥ 1967 በዕድገት በኅብረት ወደ 60 ሺህ ተማሪና መምህር ገጠር ዘመተ። ከሐምሌ 1971 ጀምሮ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዙር በዙር ቀጠለ፤ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ፈተናም ነበረው፤ ያለፈ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። እኔም በአንዱ ክረምት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ሀብሩ ገጠር ዘምቻለሁ። ማንበብ ለቻሉት ተከታታይ የሚባሉ ትንንሽ መጻሕፍት ይመጡ ነበር፦ ስለ ንጽሕና፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ልጆች በሽታ። እንግዲህ ለገበሬው በአማርኛ የተጻፈ ሳይንስ ማለት ያ ነው።

አንድ ቀን ስለ ውኃ ማፍላት የሚያወራውን መጽሐፍ ስናነብ አንድ አባት "ልጄ፣ ይሄ ጀርም የምትሉት፣ አንተ አይተኸዋል?" አሉኝ።

"አላየሁም፣ አባባ።"

"መምህርህስ?"

ዝም አልኩ። መምህሬም እንዳላየ አውቃለሁ። "እንግዲያ ሁላችንም በወሬ ነን" አሉና መጽሐፋቸውን አጠፉ። ሽማግሌው ውኃ አፍልቶ መጠጣትን አልተቃወሙም፤ ቤታቸውም ያፈሉ ነበር። የጠየቁኝ ስለ ማየት ነው። እኔ በማይክሮስኮፕ አንድ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው፤ ያየሁትም የሽንኩርት ልጣጭ ነው። እሳቸውን አስቤ ነበር።

(በነገራችን ላይ ሳይንስ ያለ ፈተና ገበሬው ማሳ ሲገባም አይተናል። አቀንጭራ የቆላውን ማሽላ ስትፈጀው ለኖረችበት አገር፣ ዶ/ር ገቢሳ ኤጀታ የደከሙበት አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በ1990ዎቹ ሲመጣ ዝርያዎቹ "ጎብዬ" እና "አብሽር" ተባሉ። አንዱ የኛው የራያ ቆቦ ቦታ ስም፣ አንዱ የወሎ ሰው አፍ። ሲሪንቃ ምርምር ማዕከል በራፍ ላይ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ግን ስለ አቀንጭራ ለአንድም የማታ ተማሪ የባዮሎጂ ጥያቄ ሲመጣ አላየሁም። ይሄን እንግዲህ በቅንፍ ልተወው።)

ወደ ማታ ክፍላችን ልመለስ። ሳይንስን ማታ ማስተማር የሚያከብደው ምንድን ነው? ድካም ይመስላችኋል? አይደለም። የማታ ተማሪ ደክሞትም ቢሆን የከፈለበትን ይጠይቃል። አንደኛው ነገር ቁልፍ ነው። የቤተ ሙከራው ቁልፍ ንብረት ክፍሉ ዘንድ ነው፤ ንብረት ክፍሉ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ይገባል። ባስተማርኩባቸው የማታ ዓመታት ሁሉ ያ ክፍል ማታ ተከፍቶ አያውቅም። ሰው ከፍቶ ዕቃ ቢጠፋ ተጠያቂው ማነው? ስለዚህ አይከፈትም። እኔም "ይከፈት" ብዬ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። በመስኮት በኩል የአሲድ ጠርሙሶቹ ይታያሉ፤ ተማሪዎቼ ወደ ክፍል ሲያልፉ ያዩዋቸዋል።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ያ የጋራዥ ልጅ ሞተር ሲፈታ የሚጠራቸውን ዕቃዎች አስቡት፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ። የብዙዎቹ ዘር ጣልያንኛ ነው። በጦርነቱ ዘመን በዚሁ በደሴ፣ በወልድያ፣ በአላማጣ መንገድ ላይ ከካሚዮኑ ጋር መጡ፣ ጣልያን ሄደ፣ ቃሉ ቀረ። ከጌታ ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ሊስትሮ እየተላለፈ የኛ ሆነ። ማንም መዝገበ ቃላት አላዘጋጀለትም። ልጁ በአማርኛ አፉን ፈትቶ፣ በጣልያንኛ ቃል ሙያ ይዞ፣ ማታ በእንግሊዝኛ ይማራል፣ በእንግሊዝኛ ይፈተናል። አራት ምርጫ፣ በእርሳስ የሚጠቆር ክብ። ፓስካልን የሚያውቀው በአንደኛውና በሁለተኛው ቋንቋ ነው፤ የሚጠየቀው በሦስተኛው።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ለዓመታት ደክሞ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አሳትሟል፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ አለኝ። ግን እውነቱን ልናገርና ማታ ይዤው ገብቼ አላውቅም። ምን ያደርግልኛል? ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። እኔም እንደነዚያ እንግሊዝ መምህራን የዓምናና የካቻምናን ጥያቄ እየሰበሰብኩ አሠራለሁ። የማይክሮስኮፕ ክፍሎችን ስም በቃላቸው የሚያውቁ፣ ማይክሮስኮፕ ነክተው የማያውቁ ስንት ተማሪዎች አፍርቻለሁ! አንዳንዶቻችሁ ይሄን እያነበባችሁ ነው።

ከ1986 የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ በገዛ ትከሻችሁ ስለምታውቁት ቶሎ ልለፈው። ከ1993 ጀምሮ አገር አቀፉ ፈተና ወደ 10ኛ ክፍል ወረደ፤ ማትሪክ የሚባለው ነገር ስሙ ብቻ ቀረ፤ 12ኛ ላይ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ተተካ። በ1997 አካባቢ ፕላዝማ መጣ፤ ቀን ቀን። በ2001 አካባቢ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ። ይሄን ዜና የሰማሁት ከማታ ክፍል ስወጣ ነው። አገሪቱ ሰባ ከመቶ ሳይንስ ትላለች፣ እኔ ባስተማርኩባቸው የማታ ክፍሎች ደግሞ ናቹራል የሚመርጠው ተማሪ እየሳሳ ሄዶ በኋላ ክፍል የሚሞላ ጠፋ፣ ሁሉም ሶሻል ገባ። ማንም በሕግ አልከለከላቸውም። እንደኔ ያለው መምህር ነው አንድ በአንድ እየጠራ የመከራቸው።

በዚያው ሰሞን ግን ሌላ በር ተከፈተ፤ ለዚያ በር ክብር አለኝ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የምንለው፣ መጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሙያውን የትም ተማረው፣ ኮሌጅም ሆነ ጋራዥ፣ መዛኝ ፊት ቀርቦ ካሳየ ወረቀቱ ይሰጠው። ከፓስካል ጋር የተሟገተው ልጅ፣ አሁን የልጆች አባት ነው፣ ተመዘገበ። ከጽሑፉ በኋላ ወደ ተግባሩ ወሰዱት። መዛኙ አንድ መኪና አሳይቶ "ፍሬኑ ይሰምጣል፤ ምክንያቱን ተናገርና ሥራው" አለው።

ማታ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነው የነገረኝ። "ጋሼ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ዘግይተው ጠየቁኝ!" እየሳቀ ነው፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። እኔም መቀመጫ ስቤ እስክሰጠው ድረስ ቃል አልወጣኝም።

ይሁንና ሲኦሲ ለእጅ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ለጭንቅላት። ለሁለቱ ሁለት በር ሠራን፣ መሐሉን ግድግዳ አደረግነው። ያ ሰው የምዘና ወረቀቱን ይዞ "ፊዚክስ ልማር" ቢል መንገዱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የሞከራችሁ ንገሩኝ። እሱ የጠየቀኝ እኮ "ለምን" ብሎ ነው። ፍሬን እንዴት እንደሚሠራማ ቀድሞም ያውቃል።

ከዚያ ጦርነቱ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ ምን እንዳሳለፈች ለናንተ አልተርክም፤ አብረን ነበርን። ትምህርት ቤቶቹ፣ ኮሌጁ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፉ፣ ተሰባበሩ። አገሩ ሁሉ በኅዳር ዋዜማ ሲፈተን የኛ ልጆች በሁለተኛ ዙር ከሌሎች ጦርነት ካገኛቸው አካባቢዎች ጋር ተፈተኑ። ከተማው እንደተለቀቀ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ገብቼ ነበር። ለዓመታት በመስኮት የማያቸው ጠርሙሶች ወለሉ ላይ ተከስክሰዋል። የቤተ ሙከራው በር ወልቋል። ያን በር ማታ ተከፍቶ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

በ2015 ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወሰደ። ኩረጃው አገር እያጠፋ ስለነበር እርምጃውን አልቃወምም፤ መምህር ሆኜ ብቃወም ውሸታም ነኝ። ውጤቱም ጉዳችንን አወጣው፦ ከተፈተኑት 896,520 ልጆች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፤ 3.3 በመቶ። ሁሉም ስለዚህ ቁጥር ጮኸ። ስለ ማታና ስለ ግል ተፈታኙ ግን ማንም ሲያወራ አልሰማሁም። መደበኛው ተማሪ ሻንጣውን ይዞ በአውቶቡስ ይሄዳል፣ ዶርም ያድራል፣ ተፈትኖ ይመለሳል። ጎንደር በር አካባቢ ጀበና ቡና የምትሸጠዋስ? ልጇን ለማን ትታ ነው ግቢ ገብታ የምታድረው? የጥበቃ ሠራተኛው ያን ያህል ቀን ማን ይተካለታል? የባጃጅ ሾፌሩ የቀኑን ገቢ ለባለቤቱ ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ድሮ የግል ተፈታኝ ቢያንስ ከተማው ውስጥ ተፈትኖ ማታውን ሥራው ላይ ይገኝ ነበር። ያን የ1858ቱን የለንደን ቃል አስታውሱት፦ የት እንደተማርክ አልጠይቅህም፣ ብቻ ና። አሁን "ና" የሚለው ቃል ራሱ ከብዷል። ለሠራተኛ ተፈታኞች በያሉበት ከተማ፣ ቁጥጥሩ ሳይላላ፣ አንድ ጣቢያ ማዘጋጀት የሚያቅት ነገር አይመስለኝም። የምታውቁት ክልከላ ካለ አስረዱኝ።

ሚኒባሳችን በሃያ ደቂቃ ተሠርቶ ተነሣ። መቻሬ ስንደርስ ረዳቱን ጠራሁት። "ትማራለህ?" አልኩት። "ማታ፣ 11ኛ ክፍል ነኝ፣ አባባ" አለኝ። "ናቹራል ነህ ሶሻል?" ስለው የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅሁት ሁሉ ሳቀ። "ማታ ናቹራል የለም እኮ።"

ሒሳቤን ከፍዬ ወረድኩ።

እንግዲህ አንድ ልመና አለኝ። ከሰኞ ጀምሮ ያ የቀድሞ ተማሪዬ ጋራዥ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለማታ ተማሪዎች ፊዚክስ ልናሳይ ተስማምተናል፤ እሱ ሞተሩን ይፈታል፣ እኔ ሰሌዳውን እይዛለሁ። ሰሌዳ አለን። የሌለን ሁለት ቮልትሜትር፣ አንድ ማይክሮስኮፕ (አሮጌም ቢሆን፣ መስተዋቱ ካልተሰበረ) እና ከደርግ ዘመን ጀምሮ ያለ የአማርኛ የሳይንስ መጽሐፍ ነው። አዲስ አበባም፣ ውጭ አገርም ያላችሁ ቤታችሁን ፈትሹ። የእናቶቻችሁ ወይም የአባቶቻችሁ የማታ ትምህርት መታወቂያ፣ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ካለም ፎቶ አንሥታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ እያሰባሰብኩ ነው። የሻይ ቤቷን ልጅ የምታውቁም፣ በ1987 ክሪኩን ያነሣችውን፣ የት እንዳለች ንገሩኝ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ገበያው ሳይፈታ ልሂድ። ስመለስ አስተያየቶቻችሁን አነባለሁ።